ሁለት ጣት የረዘመው ክንዴ

ሰበታ ገበያ ዳር ገመድ፣ ሸራና ላስቲክ እሸጣለሁ። ግድግዳዬ ላይ የብረት ሜትር ተሰቅሏል፤ እሱ ለከተማ ሰው ነው። ከተፍኪ በኩል የሚመጣ ገበሬ በሜትር አይገዛም፣ በክንድ ነው። ገመዱን ከክርንህ ጫፍ እስከ መሀል ጣትህ ጫፍ ትዘረጋና አንድ ትላለህ። ብልጥ ገዢ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይመጣና «እሱ ይለካልኝ» ይላል። ብልጥ ሻጭ ደግሞ «በሱቄ የሚለካው የእኔ ክንድ ነው» ብሎ ይቆማል። የእኔ ክንድ አጭር ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት። እግዜር ለገመድ ነጋዴ ሲያስብ እንዲህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገመዴ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ሁለት መቶ አሥራ ምናምን ክንድ ይወጣው የነበረ ጥቅል ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ያልቃል። አከፋፋዩ አሳጥሮ ጠቅልሎ ይሆናል ብዬ ሜትሬን ይዤ ሄድኩበት። መጋዘኑ በር ላይ ዘርግተን ለካን፤ ሙሉ መቶ ሜትር።

«ሌባህን ቤትህ ፈልግ» አለኝ እየሳቀ።

ቤቴ ገመድ የሚለካ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ማታውኑ ክንዴን ከሜትሩ ጎን አስተኛሁት። ሁለት ጣት ረዝሟል!

ክርኔ ላይ እብጠት እንዳለ አውቅ ነበር። ሲጀምር ሽምብራ ታክል ነበር፣ ባንኮኒ እየተደገፍኩ የጠነከረ ቆዳ መሰለኝ። ሎሚ ስታክልም ዝም አልኳት። አላመመችኝማ፤ ያላመመህን ነገር ማን ይቆጥረዋል? ፊት ለፊቴ ሳፋ የምትሸጠው ሴትዮ ነገሩን ስትሰማ ጮኸች።

«ለካ ለዚህ ነው ሰዉ ሁሉ አንተ ጋ የሚሰለፈው! እኛ እኮ ፀባይህ መስሎን ነበር!»

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። በእጇ ዳሰሰችውና መልሳ እጇን ሰበሰበች። «ያ ነገር ቢሆንስ?» አለች። የበሽታውን ስም አትጠራም።

«ያ ቢሆን እስካሁን ይጥለኝ ነበር» አልኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ለእሷም አልነገርኳትም። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ መደንዘዝ ጀምረው ነበር። ቋጠሮ ስቋጥር ገመዱ ያመልጠኛል። ገመድ የሚያመልጠው ገመድ ነጋዴ ምን ሊሸጥ ነው?

የገበያው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። በቅቤ ይታሽ ያለ አለ፣ በምላጭ ይበጣ ያለ አለ። ቡራዩ ስመ ጥር ወጌሻ አሉ ተባልኩና ሄድኩ። ሽማግሌው ክርኔን ይዘው ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ልጄ፣ እኔ ከቦታው የወጣ አጥንት ነው የምመልሰው። ይሄ ድሮም ቦታ አልነበረውም። የት ልመልሰው?»

«ትንሽ እሹልኝና ይሞከር፣ አባባ።»

«አላሽም። ቢፈነዳስ? ሂድና ራጅ ተነሳ» አሉና የዘረጋሁትን ብር በእጃቸው ጀርባ ገፉት። አላውቅም የሚል ባለሙያ ሳገኝ እሰጋለሁ፤ እውነቱን ይሆናላ። በማግስቱ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቀለችው። ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ተከምሯል፤ ፈንዲሻ የተበተነበት ይመስላል።

«ካልሲየም ነው። መገጣጠሚያው ዙሪያ ተጠራቅሞ ነው። ካንሰር አይደለም፣ አይስጉ። ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር ግን አይደለም።»

«ገበያ ላይ ብዙ የማይታይ ዕቃ ውድ ነው» አልኳት። ሳቅ አለችና ደም አስመረመረችኝ። ኩላሊቴ ደህና ነው፤ ደሜ ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባለው ነገር ከፍ ብሏል። ከቤተሰቤ እንዲህ ያለ እብጠት ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት።

ወደ ሰበታ ስመለስ፣ ታክሲው አለም ገና ሳይደርስ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ ነበር፣ ሊነሳ እንዳለ ሰው። «ኩራቱ ነው፤ ከእኛ እኩል መቀመጥ ይጠየፋል» ይሉት ነበር። እሱም አላስተባበለም። ሲሞት የገነዙት ሰዎች ዳሌው ላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር አገኘን ብለውን ነበር፤ በለቅሶው መሀል ማን ልብ ብሎት? ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኩሩ ተባለ። ለካ አጭሩን ክንድም፣ ማስረዘሚያውንም ያወረሰኝ እሱ ነው።

ተመልሼ ለሐኪሟ ነገርኳት። በዘር ሊሄድ እንደሚችል ነግራኝ ጻፈችው። ከዚያ በቀዶ ጥገና ስለማውጣቱ ድርድር ገባን።

«ባይወጣስ?»

«ነርቩን እየተጫነው ነው። እጅዎ መያዝ እያቃተው ይሄዳል።»

«ቢወጣስ?»

«ጣትዎ ቶሎ ላይነቃ ይችላል። እብጠቱም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል።»

«ታዲያ ዋስትናው?»

«ዋስትና የለኝም።»

ገበያ ውስጥ ነው ያደግኩት። ዕቃውን እየሸጠ ዋስትና የለኝም የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ፈረምኩ።

ያወጡትን በሳህን አሳዩኝ፤ ውኃ የነካው ጄሶ ነው የሚመስለው። ጣቴ ግን እንደተኛች ቀረች። ባለቤቴ ሱቁን ከፍታ በሜትር ስትለካ ገበሬው እየሳቀ ያልፋታል። እኔ በየማለዳው ጣቴን እቆነጥጣለሁ፤ መልስ የለም። እንዲህ ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን የቃጫ ገመድ ስጎትት ትንሿን ጣቴን ወጋ አደረገኝ። «አመመኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሳፋ ሻጯ ደንግጣ ስትሮጥ መጣች፤ ስትደርስ እየሳቅኩ ነበር።

በማግስቱ ክንዴ ወደ ሥራ ገባ። ከተፍኪ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አሉኝ፤ ከእኔ የገዙትንና ያረጀውን ስድስት ክንድ ገመድ ይዘው መጡ። «አከም ጅርቱ፣ አባባ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። ስድስት ለክቼ ሰጠሁ። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ዘረጉት። አዲሱ ስንዝር ያህል ጎደለ።

«ክንድህ አጠረች» አሉ።

«ሐኪም ቆርጧት ነው።» ጠባሳውን አሳየሁ። ክርኔን ይዘው እንደ በሬ ሸኮና ገልብጠው አዩት።

«ሁለት ጣቴን ሐኪም ቤት ትተህ መጣህ?»

«የእኔ ነበረች እኮ፣ አባባ።»

«እኔ ለምጃታለሁ! ትመለሳለች አላሉህም?»

«ልትመለስ ትችላለች ብለውኛል።»

«እንግዲህ ይመልሳታ...» አሉና በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙ። «ኧረ ቱ! ምን ነካኝ!»

ሳቄን ዋጥኩና የግራ እጄን ሁለት ጣት ከክርኔ ሥር ደግፌ እንደገና ስድስት ለካሁላቸው። ጫፉን ስቋጥር ትንሿ ጣቴ ገመዱን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሽማግሌው ቋጠሮውን ጎተት አድርገው ሞከሩት፤ አልላላም።

ባንኮኒዬ ላይ የአሁኑን የክንዴን ልክ በምስማር ጭሬዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ክርኔን ከባንኮኒው ጫፍ አስተካክዬ እዘረጋለሁ። እስከ ዛሬ መሀል ጣቴ ጭረቱ ላይ ትቆማለች። ጭረቱን ብታልፍ ደግሞ እብጠቷ መመለሷን ወዲያው አውቃለሁ፤ ሐኪም ቤቱም የት እንደሆነ አልጠፋኝም።