የእትዬ አለሚቱ አዲስ ምርጊት

ባለፈው ሳምንት ሁለት የቤተክርስቲያናችን ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ጠብቀው ቤቴ መጡ። ወንዙ ሰሞኑን ሞልቶ ከአማን በታች ያሉ ቤቶች ውስጥ ገብቷል፤ እነሱም የተጎዱትን እንዲመዘግቡ ተልከዋል። «እትዬ፣ ያኔ በድሮው ጎርፍ ጊዜ የተጎጂዎቹን ዝርዝር የሠሩት እርስዎ ነበሩ አሉ። እንዴት እንደሚሠራ ይንገሩን» አለችኝ ልጅቱ። በእኛ ቤተክርስቲያን ያ ዝርዝር እስከ ዛሬ ይመሰገናል። እኔ ግን በተነሳ ቁጥር የቅቅል ጎደሬ ጣዕም አፌ ላይ ይመጣብኛል።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ልጃገረድ ነበርኩ። ሚዛንና አማን ገና በአንድ ስም አይጠሩም፤ በመሀላቸው ያለው መንገድም በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ነበር። እሑድ እሑድ ሕፃናት አስተምራለሁ፣ ከመዘምራን ጋር እዘምራለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ይወራልኛል። ወሬው ትንሽ ሳያሳብጠኝ አልቀረም።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና ወንዙ ሞልቶ ወጣ። በቆሎውን አጋድሞ፣ ዶሮውንና ድስቱን ይዞ፣ የጓሮውን ጎደሬ ከነሥሩ ነቅሎ ሄደ። ምእመናን ያላቸውን አዋጡ፤ ከቴፒና ከሸኮ ወንድሞችም በቆሎና ብርድ ልብስ ተላከ። ለሁሉም ስለማይበቃ የባሰበትን ለይቶ መጻፍ ግድ ሆነ። ሥራው ለእኔ ተሰጠና ከቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ ከጋሽ ማሞ ጋር ወጣን። መመሪያው አንድ ነው፤ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር ከታየ ጻፊ፣ ካልታየ እለፊ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰውዬ ግድግዳውን በባልዲ ጭቃ ረጭቶ ጠበቀን። ጎርፍ የገባበት ቤት ምልክቱ አግድም ቀጥ ያለ ነው፤ የእሱ ግን ከላይ ወደ ታች ተንጠባጥቧል። «ጎርፉ በጣሪያ ነው እንዴ የገባብዎት?» ስለው ጋሽ ማሞ በሳቅ ፈነዱ። ሰውዬው ራሱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን የተቸገረ መፈለጉን ትቼ ውሸታም ማደን ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አለሚቱ ቤት ደረስን። ባላቸው የሞቱባቸው የቤንች ሴት ነበሩ። ልጃቸው ማርታ የእሑድ ተማሪዬ ናት፤ ጥቅስ በቃሏ በማጥናት የሚቀድማት አልነበረም፤ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ትገባለች። ጋሽ ማሞ ጉልበታቸውን ስላመማቸው መንገድ ዳር ግንድ ላይ ቁጭ ብለው «አንቺው አይተሽ ነይ» አሉኝ።

ቤቱ ያምር ነበር። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ አዲስ ተመርጓል፤ ወለሉ በእበት ተለቅልቋል፤ ደጁ ተጠርጓል። መስመር የሚባል ነገር የለም። «ግባ፣ ግባ ልጄ» አሉኝ እትዬ አለሚቱ፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። በኮባ ቅጠል ትኩስ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረቡልኝ።

«ውሃው ገብቶ ነበር እትዬ?»

«ገብቷል። ወጥቷል። እግዚአብሔር ይመስገን። ብላ።»

ጎደሬዎቹ ትንንሽ ነበሩ፣ አንዳንዱ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። እናቴ ጓሮ ትተክል ስለነበር የሚበላውንና ለዘር የሚቀመጠውን ለይቼ አውቃለሁ። ይህ የዘር ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ቤት ያስመረገ ሰው ምን ይቸግረዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩና በዳጣው እያጠቀስኩ አራት በላሁ። ማርታ ጥግ ቆማ ቅጠሉን ታያለች። «ነይ ብይ እንጂ» ስላት «ጠግቤያለሁ ቲቸር» አለች። ወጣሁና በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ «ቤቱ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቆሎው ግቢው ውስጥ ተደረደረ። ወንጌላዊው ስም ከመጥራታቸው በፊት እኔን አስነስተው «እህታችን አንድም ውሸት ያልገባበት ዝርዝር ሠርታለች» ሲሉ ሕዝቡ እልል አለ። እትዬ አለሚቱ ባዶ ኬሻ አጥፈው በብብታቸው ይዘዋል፤ ማርታ ከጎናቸው ቆማለች። ስሙ ተጠርቶ አለቀ።

«እንዴ፣ አለሚቱን ዘለሏት?» አለች ከኋላዬ የቆመች ጎረቤታቸው። «ውሃው እስከ ደረቷ ደርሶ ነበር እኮ! የቤተክርስቲያን እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል፣ ጭቃ በገባበት ቤት አላስቀምጥም ብላ ጎርፉ ያመጣውን ጭቃ ሦስት ቀን ስታቦካ፣ ስትመርግ ሰነበተች። እኛንማ አሳፈረችን።»

ፊቴ ጋለ። ቀና ስል እትዬ አለሚቱ ፊቴ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ስሜ የለም?»

ወንጌላዊው ሁለት እርምጃ ላይ ነበሩ። ያልተነሳ በቆሎም ነበር። «ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ግን እልልታው ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«የእርስዎ ለሚቀጥለው ዙር ነው» አልኳቸው።

የሚቀጥለው ዙር የሚባል ነገር አልነበረም። «እሺ፣ ጌታ ይባርክህ» ብለው ኬሻቸውን እንደገና አጠፉት። ማርታ ግን ዞር ብላ አየችኝ።

በመስከረም ማርታ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። የሚተከልም የሚበላም አልነበረምና ቡና ለመልቀም ወደ ቴፒ ወረደች። እኔ ውጤቴ መጣልኝና ጅማ ገባሁ። ስሄድ አልተሰናበትኳቸውም፤ አፈርኩ፤ ፈራሁም።

ለወጣቶቹ የማውቀውን ነገርኳቸው። «ንጹሕ ቤት ስታዩ ቶሎ አትውጡ። ሁለት ጊዜ ጠይቁ። ምግብ ሲቀርብላችሁ የማይበላውን ልጅ እዩ።» ልጅቱ ስልኳ ላይ ጻፈችው። «ይህን ከየት ተማሩት እትዬ?» አለችኝ በአድናቆት።

«ከሥራ ነው» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬም ያው ነኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ማርታም እንደ እኔ ወደ አገሯ ተመልሳ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ጎደሬ ትሸጣለች። ስንት ዓመት ሙሉ ከእሷ በቀር ከማንም አልገዛም፤ ይህን እንደ ካሳ የምቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ ቅዳሜ ግን ልነግራት ቆርጬ ነበር የሄድኩት።

«ማርታ፣ ያኔ በጎርፉ ጊዜ እናትሽ…»

«እማዬ?» ብላ ሳቀች። «እስክትሞት ድረስ ያንን ኬሻ እያጠበች ታስቀምጠው ነበር እኮ። ለሚቀጥለው ዙር ተጽፈናል፣ ቲቸር ነግራኛለች ትል ነበር።»

የመጣሁበትን ትቼ ዘንቢሌን ዘረጋሁላት። ማርታ አንድ መደብ ጎደሬ አንስታ ዘንቢሌ ውስጥ ጨመረች፤ ከዚያ ሁለት ፍሬ ምራቂ አከለችበት። እንደ ልማዷ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን እጄን አስቀድሜ «ተይ፣ አይሆንም» አልኳት።

«ይውሰዱ ቲቸር» አለች። «ለእርስዎ የሚበላውን ነው የሰጠሁት። የዘሩን ለይቼ አስቀምጫለሁ።»

ቀና ብዬ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ተቀብዬ ሄድኩ።