ቀርፋፋው ኮምፒውተርና የአሪየት ሳል

ከደብረ ማርቆስ ልወጣ በዋዜማው፣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጋቢ ስትጠቀጥቅ ጋምቤላ ሞቃት እንደሆነ ልነግራት ሞክሬ ነበር። «ብርድ የሌለበት አገር የለም» ብላ ሦስተኛ ፈለገች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የሥራ ዕጣዬ ጋምቤላ የወጣ ዕለት ያላለቀሰች ሴት፣ የሻንጣው ዚፕ አልዘጋ ሲላት አለቀሰች። እኔም ዚፑን እንደያዝኩ አብሬያት አለቀስኩ።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። እስከ ጎሬ ድረስ ደጋ ስለሆነ ሰው ኮቱን እንደለበሰ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ኮቱ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ጋምቤላ ስደርስ የማወልቀው አልቆብኝ ነበር።

ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመት ስለነበር ሁሉ ነገር አዲስ ነው፤ የስቱዲዮአችን በር ቀለም እንኳ ይሸት ነበር። ሥራዬ ለአንደኛ ክፍል ልጆች የሚተላለፈውን የሬዲዮ ትምህርት በኮምፒውተር መቁረጥና መቀጠል ነበር። ትምህርቱ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአኙዋክኛ ሊተላለፍ ነው። የምታነበው አሪየት የምትባል አኙዋክ መምህርት ናት፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ። እኔ ከቋንቋው አንድ ቃል አላውቅም። የሚቆረጠውን ወረቀት ላይ ምልክት አድርጋ ትሰጠኛለች፣ እኔ ብቻዬን ከመስታወቱ ኋላ እሠራለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የበቆሎ ገንፎና የባሮ ዓሣ ይዛ ትመጣለች። ገንፎን በቅቤና በበርበሬ ብቻ የማውቅ ሰው ከዓሣ ጋር ሳየው አፈርኩለት፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከእሷ ቀድሜ እጄን የምታጠበው እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። የአሪየት ድምፅ እየተቆራረጠ ይወጣል። አንድ ሰከንድ ቆርጬ እስኪታዘዘኝ ውኃ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ዘውዱ ነገርኳቸው። የንብረት ቅጽ አወጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይሠራል ወይስ ተበላሽቷል?»

«ይሠራል፤ ግን ቀርፋፋ ሆኗል።»

«ቀርፋፋ የሚል ዓምድ የለም፣ የኔ ልጅ። ወይ ይሥራ ወይ ይበላሽ።»

ቀጥለው ትምህርቱ ለሰኞ ካልደረሰ የአምናው የአማርኛ ትምህርት እንደሚደገም ነገሩኝ። በክፋት አልነበረም፤ ሬዲዮ ዝም ሊል አይችልም። አሪየት ግን ለተማሪዎቿ ሰኞ ሬዲዮው በእነሱ ቋንቋ እንደሚናገር ነግራቸው ነበር። ልጆቹም ለወላጆቻቸው ነግረዋል።

በመጀመሪያ ሙቀቱን ጠረጠርኩ፤ እኔም እዚህ ቀርፋፋ ሆኛለሁና። ቬንቲሌተሩን ከራሴ አዙሬ ለእሱ ሰጠሁት። ሣጥኑን ከፍቼ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። ከበስተጀርባ የተከፈተውን ሁሉ፣ የአቶ ዘውዱን የካርታ ጨዋታ ሳይቀር፣ ዘጋሁ። አጥፍቼ አበራሁ። ትንሽ ተንቀሳቀሰና ተመልሶ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተሩን ማከማቻ ሳየው አንድ ዘፈን እንኳ የማይይዝ ቦታ ነበር የቀረው። መሥሪያ ቦታ ሲያጣ እንዴት ይፍጠን? የሞላሁት እኔው ነበርኩ። ፕሮግራሙ የተቆረጠውን ሁሉ ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብሎ ደብቆ ያስቀምጣል፤ እኔ ደግሞ አንዱንም ሳይጥል ሁሉንም እንዲደብቅ አዝዤዋለሁ። አልበቃኝም፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ሙሉውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጫለሁ። ትንፋሽ፣ የወንበር መንቋቋት፣ ሁሉም አለ። የማላውቀውን ቋንቋ እየቆረጥኩ፣ ሳል የመሰለኝ ቃል ቢሆንስ? ወረቀቱ ላይ ያልገባኝን እንዳልጠይቅ ደግሞ ዓይን አፋርነቴ ያዘኝ። አንድ ቀን እንኳ «አሪየት፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አላልኳትም።

ባሮ ዳር ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ከጎረቤቶቿ ጋር ናትና ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ራሷ ጠራችኝ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳት።

«መሲ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳሌን ነው ያስቀመጥሽው?»

«ቃል ይሆናል ብዬ ነው።»

በአኙዋክኛ ለሴቶቹ ስትነግራቸው ወንዙ ዳር ሁሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ሆን ብለው ሳሉልኝ። «ይቺ ደገኛ ጨዋነቷ ኮምፒውተር ይገድላል» አለች አሪየት፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

እስከ እሁድ አመሻሽ አብረን ተቀመጥን። እኔ አሰማለሁ፣ እሷ «ጣይው» ወይም «ይቆይ» ትላለች። አንድ ረጅም ዝምታ ልቆርጥ ስል እጄን ያዘችኝ፤ ልጆቹ የሚመልሱበት ጊዜ ነው ለካ። ወረቀቱን ብቻ አይቼ ብሠራ ኖሮ አፋቸውን እዘጋው ነበር። ማከማቻው በቀለለ ቁጥር ማሽኑም ነቃ። መጨረሻ ላይ አሪየት ተማሪዎቿን ስቱዲዮ አምጥታ በቀዳን ቀን ከእነሱ ጋር የምታወራበት፣ ልጆቹ ተንጫጭተው የሚጮኹበት ቦታ ደረስን። ምን እንደምትል ጠየቅኳት። አመነታች።

«ከመስታወቱ ኋላ ያለችው እህታችን ከእናቷ ርቃ ነው የመጣችው፣ ጮክ ብላችሁ ሰላም በሏት ነው ያልኳቸው። ጣይው፣ ለትምህርቱ አይሆንም።»

ቅጂ ሳላስቀምጥ ጣልኩት። ለመጨረሻው ሥራ ቦታው ያስፈልግ ነበር።

ሰኞ ሬዲዮው በአኙዋክኛ ተናገረ። አቶ ዘውዱ ቅጹን አውጥተው «ይሠራል» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ከሰዓት በኋላ ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ ደወልኩ፤ እናቴ ስልክ ካለው ጎረቤት ቤት ተጠርታ መጣች።

«ሰው አገኘሽ ወይ እዚያ?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።» ያንን የልጆች ጩኸት ባሰማት ብቻውን ይበቃት ነበር። ግን ጥዬዋለሁ፤ እንዴት ብዬ በቃል ልንገራት?

«ለፋሲካ ትመጫለሽ አይደል?»

«በዚያ ሳምንት የምናደርሰው ትምህርት አለ።»

«ሌላ ሰው አይሠራውም?»

ሌላ ሰው የለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ውስጥ እዚህ የመቅረት ደስታዬን እንዳትሰማው ፈርቼ «ጋቢዎቹ ጠቅመውኛል» አልኳት።