ዓይን የታሰረበት ጋቢ

በጭልጋ ገጠር ውሻ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ሲወሰድ ዓይኑ ይሸፈናል። መንገዱን ያየ ውሻ ይመለሳል ይባላል። አባይነሽ ይህን ልማድ ከባሏ ከአለነ ነው የያዘችው። አለነ በዕድሜው ስንቱን ቡችላ ለዘመድ አዝማድ ሲያድል ዓይኑን ሳይሸፍን የሰደደው አልነበረም፤ ተመልሶ የመጣም አልነበረም።

አለነ ከሞተ በኋላ ልጇ ንብረት ከደባርቅ ደወለ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አንድ ክፍል ሠርቼልሻለሁ፣ ብቻሽን መኖሩ ይብቃ አላት። እሷ ስለ ክፍሉ አልጠየቀችም። ውሾቹስ አለችው። ንብረት ደባርቅ ውሻ ሞልቷል አለ።

«ሰውም ሞልቷል» አለችው። «ምነው ታዲያ እኔን ጠራኸኝ?»

በዚህ ተስማሙ።

ውሾቹ እናትና ልጅ ናቸው። እናቲቱ ቀለሟ ዳማ ስለሆነ ስሟም ዳማ ሆኖ ቀርቷል። አለነ ማሳ ሲያድር ከጎጆው ደጅ ተኝታ ታድር ነበር። የቀብሩ ዕለት ሬሳውን ተከትላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄደች፤ ውሻ ቅጥር እንደማይገባ የምታውቅ ይመስል ከበሩ ውጭ ተቀመጠች። ለቀስተኛው እየዞረ አለፋት እንጂ ማንም ክፉ አልተናገራትም። ልጇ ይበቃል ይባላል። በመሄጃቸው ጊዜ ሙሉ ውሻ ሆኗል፤ ከእናቱ ይልቅ ሆዱን የሚወድ፣ ለሚያጎርሰው ሁሉ ጭራውን የሚቆላ ነው።

ዕቃዋን ሊጭን የመጣው አወቀ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከመተማ በኩል ማሽላ ወደ ጎንደር፣ ከወገራ ገብስና ድንች ወደ ታች ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ውሻ ግን ጭኖ አያውቅም። አጽዋማቱን የማይገድፍ ሰው ስለሆነ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ ጋቢና ውስጥ እንደማያስገባቸው ተናገረ። ከኋላ፣ ከአልጋውና ከእህሉ ጆንያ መሐል ይታሰሩ ተባለ።

ዓይናቸው እንዲሸፈን ሁለት ጆንያ አቀበላት። ይበቃል ዝም ብሎ ተሸፈነ። ዳማ ግን ጆንያውን በጥርሷ ተረተረችው። ጎረቤቷ ብርቄ ከራሷ ፈትታ የሰጠቻትን ሻሽም መሬት ለመሬት ጎትታ ጣለችው። አባይነሽ ጥቂት ቆማ አሰበች፤ ከዚያ ከጭነቱ ውስጥ የአለነን ጋቢ አወጣች። የባሏን ልብስ ሁሉ በተዝካሩ ለነዳያን ሰጥታ ነበር። ጋቢውን ብቻ፣ ጫፉን እሳት በልቶታል፣ እንዲህ ያለ ለሰው አይሰጥም ብላ አስቀርታዋለች። ብርቄ ምክንያቱ እሳቱ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። አባይነሽ ጋቢውን ከዳማ ራስ ላይ ጠቅልላ ከአንገቷ ሥር ቋጠረችው። ዳማ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና ተኛች።

አዘዞን አልፈው ጎንደር ማራኪ ሰፈር ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋጋ። ዓይናቸው የታሰረ ውሾችን ያዩ ተማሪዎች ስልካቸውን አወጡ። አንዱ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት ብሎ ጠየቀ።

«ምስክሮች ናቸው» አለ አወቀ ፈገግ እንኳ ሳይል። «እንዳይታወቁ ነው የሸፈንናቸው።»

አባይነሽ ከአለነ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሳቀች። የጎንደርን አራዳ ታውቀዋለች፤ ለገበያም ለሕክምናም መጥታበታለች። ከአራዳ ወዲያ ግን አልፋ አታውቅም። መኪናው ከከተማው ወጥቶ ዳገቱን ሲይዝ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ኮሶዬ ላይ መኪናው ፈላ። አወቀ ውሃ ሊጨምር ሲወርድ እሷም እግሯን ለማፍታታት ወረደች። ከመንገዱ ዳር ጥቂት እንደተራመደች መሬቱ አለቀ።

ለመጠጋት ፈራች፤ ለመራቅም አልቻለችም። ከእግሯ ሥር ገደሉ ወርዶ ወርዶ ዓይን ሲያጣው እንደገና አገር ይጀምራል። ኮረብታው ከኮረብታ ጀርባ፣ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ መጨረሻው ከሰማዩ የማይለይ ነው። አንድ አሞራ ከሥሯ አለፈ። አባይነሽ በዕድሜዋ ያየችው የአሞራ ሆድ ነበር፤ ጀርባውን ስታይ፣ ክንፉ ላይ ፀሐይ ስታርፍበት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ያ ሁሉ አገር እሷ እዚያ ማዶ ስታርም፣ ስትወልድ፣ ስትቀብር እዚሁ ነበር። ማንም አልነገራትም።

«ዕፁብ ነው» አለች። ድምፅዋ ለራሷም ራቃት።

ከኋላዋ ሁለት ነፍስ ዓይኑ ታስሮ እሷ ብቻ ማየቷ ነውር መሰላት። ተመልሳ ውሾቹን ፈትታ አወረደቻቸው፤ ጆንያውንም ጋቢውንም ገፈፈች። አወቀ ከራዲያተሩ ቀና ብሎ አያት።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? መንገድ እንዳያዩ።»

«መንገድ አላሳየኋቸውም። ይህን ነው ያሳየኋቸው።»

ዳማ ወደ አፋፉ ተጠግታ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን አቁማ ከታች የሚመጣውን ነፋስ አሸተተች። ይበቃል ግን አገር ማየት አልያዘውም። ከሣሩ መሐል የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሲያይና ገመዱን ሲበጥስ አንድ ሆነ። ጭላዳዎቹ እየጮኹ በገደሉ ወረዱ፤ ይበቃል እስከ አፋፉ ተከተላቸው፤ አወቀ በጭራው ጎትቶ መለሰው። በዚያ ግርግር ውሾቹ ተጭነው፣ በሩ ተዘግቶ፣ መኪናው ሄደ። ዓይናቸውን ማንም መልሶ አልሸፈነም።

ዳባት ሲደርሱ ብርድ ሆነ። አባይነሽ ጋቢውን ልትለብስ ዞራ ፈለገች፤ አልነበረም። ለአወቀ አልነገረችውም። ቢነግሩት ተመልሶ የሚነዳ ሰው መሆኑን እስካሁን አይታለች፤ በእሷ ጥፋት ሊለፋ አይገባም። በኋላ ማሳያው መስታወት ስታይ ዳማ ፊቷን ወደመጡበት አዙራ ቆማለች። ደባርቅ እስኪገቡ አልተቀመጠችም።

ደባርቅ ይበቃልን ተስማማው። ወፍጮ ቤት እየዋለ ከላይ እስከ ታች ነጭ ስለሆነ ሰፈርተኛው «ቄሱ» ይለው ጀመር። ዳማ ግን የሰጧትን አትበላም። አንድ ጧት አባይነሽ ስትወጣ ገመዱ ተቆርጦ አገኘችው፤ ጫፉ በጥርስ የታኘከ ነበር።

ንብረት ወደ ጭልጋ ተመልሳለች አለ። ዓይኗን መፍታትሽ ነው ሊል ጀምሮ የእናቱን ፊት አይቶ ተወው። ብርቄ ዘንድ ተደወለ፤ ብርቄ ደጁን ከፍታ ጠበቀች፤ ዳማ አልመጣችም። ሰፈርተኛው ጅብ በልቷት ይሆናል እያለ ሊያጽናናት ሞከረ። አባይነሽ ሁሉን ትሰማለች፣ ትመልሳለች፣ ሥራዋንም ትሠራለች፤ ብቻ ማታ ማታ ከበሩ ላይ ቆማ ወደ ታች ትመለከታለች። ባሏን ቀብራዋለች፤ ያ የሁሉ ዕጣ ነው። ጋቢውንና ውሻዪቱን ግን በገዛ እጇ ፈትታ ነው የለቀቀቻቸው።

ሳምንታት አልፈው ንብረት ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። አወቀ ነበር። ባዶ መኪናውን ይዞ ድንች ሊጭን ሲወጣ ኮሶዬ ላይ ቆሟል። ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ ከአፋፉ ሥር አንዲት ውሻ ሰው አላስጠጋ ብላለች፣ ምራቋ ደርቆ ልትሞት ነው፣ ቂጣ እየወረወርንላት ነው የቆየች ብላ አሳየችው።

«ዳማ ናት» አለ አወቀ። «እኔንም ጥርሷን አሳየችኝ። ይምጡ፤ ከዚህ አልነቃነቅም።»

አባይነሽ በሚኒባስ ደረሰች። አወቀ እጇን ይዞ እስከ አፋፉ ወሰዳትና በጣቱ አመለከታት። ከገደሉ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ጠባብ መሬት አለ፤ ጋቢው እዚያ ወርዶ ቁጥቋጦ ይዞታል። ዳማ ከላዩ ላይ ተኝታለች። አጥንቷ ይቆጠራል። ከበስተጀርባዋ ያ ሁሉ አገር እንደ መጀመሪያው ቀን ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል።

አወቀ ኮፍያውን አወለቀ። ውሻ ፊት ኮፍያ ያወለቀ መሆኑን ያስተዋለ አይመስልም።

«ቆይቼ ሳስበው ነው የገባኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከጭልጋ እስከዚህ ዓይኗ ተሸፍኖ ነበር። ከዚህ እስከ ደባርቅ አይታዋለች። እንዲያው ያየችውን ያህል ብቻ ተመለሰች።»

አባይነሽ በቂጧ ተንሸራታ ወረደች፤ አወቀ ከላይ በነጠላዋ ጫፍ ያዛት። ዳማ አላጉረመረመችም። ጭራዋን አንድ ጊዜ ከመሬት አነሳችና መልሳ ጣለችው። አባይነሽ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታ ጋቢውን ከሥሯ ሳብ ስታደርግ ዳማ ራሷ ተነሥታ ለቀቀችላት።

መኪናው ዘንድ ሲደርሱ አወቀ የጋቢናውን በር ከፈተ።

«ከኋላ ብርድ ነው» አለ። «ቅዳሜ ጠበል እረጭበታለሁ። ግን እማማ፣ አሁንስ ይሸፍኗት። ያለዚያ ነገም እዚህ ናት።»

አባይነሽ ጋቢውን አራግፋ፣ የተቃጠለውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ በራሷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

«መንገዱን ያየ ይመለሳል አይደል የሚባለው?» አለች። «ትየው። ጋቢው ከእኔ ጋር ነው፤ ወዴት እንደምትመለስ ታውቃለች።»

ዳማ ወጥታ ከመስታወቱ ሥር ተቀመጠች። አወቀ ሞተሩን አስነሣ። እስከ ደባርቅ ድረስ አሮጊቲቱም ውሻዪቱም፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ወደፊት ይመለከቱ ነበር።