የሴቶች ውጭ መውጫ

እትዬ ስሜነሽ የሞጣን የድሮ መናፈሻ ሃያ ሁለት ዓመት የጠረጉ ሴት ናቸው። ወንዱስ ዛፍ ሥር ይቆማል፤ እሳቸው የት ይሂዱ? ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ባፋቸው አይዞርም። «ከጠጣሁ የት እወጣለሁ፣ ልጄ?» ይሉኛል። በመጨረሻ ኩላሊታቸው ታመመና ቢቸና ልጃቸው ዘንድ ሄደው ተኙ። ሐኪሙም «ውሃ ካልጠጡ አይተርፉም» አላቸው።

እኔ ኸይራት የማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ነዳፊ ነኝ። ለመናፈሻው ሽንት ቤት ንደፊ ስባል እልህ ያዘኝ፤ ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልነካሁም። ቦታው ቅርስ ነውና ከድንጋይ አጥሩ በላይ እንዳይታይ ዝቅ አደረግሁት። መቀመጫው ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት አቅጣጫ፣ እንዳይዞር፣ በሩም በቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ እንዳይከፈት ሳገላብጥ ዓይኔ ሊጠፋ! ስድስት ክፍል፣ እጅ መታጠቢያ፣ ጉልበት ለደከመው መደገፊያ ብረት። የቀረው የበጀት መጠየቂያው ደብዳቤ ብቻ ነበር።

የመናፈሻው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አባባ ገብረ ሕይወት፣ ደብዳቤውን አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኧረ ነውር ነው! አባቶቻችን በተከሉት ቦታ ስም ላይ ሽንት ቤት ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

«ታዲያ ምን ልበለው፣ አባባ?»

«የሴቶች ውጭ መውጫ በይ። ሰው ይገባዋል።»

እኛ አገር «ውጭ ልውጣ» ያለ ሰው የት እንደሚሄድ ማን ይጠፋዋል? ጻፍኩት። ምነው እጄን በቆረጠው!

ተፈቀደ ሲሉኝ ወዲያው ቢቸና ደወልኩ። እትዬ ስሜነሽ በእልልታ ጆሮዬን አደነቆሩት። በሳምንቱ ወረቀቱ መጣ፤ «ለሴቶች መውጫ የሚሆን የብረት በር» ይላል። ፈቃጁ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ የእኛን አነጋገር የማያውቅ ሰው ነው፤ ደብዳቤውን እንጂ ፕላኑን አልገለጠውም። ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። «በጀቱ ተዘግቷል፤ የዓመት ሰው ይበለን» ብለው ሸኙኝ።

ለእትዬ ስሜነሽ ግን አልነገርኳቸውም። ስንቴ ደውዬ «እንዴት አደሩ» ብቻ ብዬ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ፤ በቃ!

በሩ የተመረቀ ዕለት፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እትዬ ስሜነሽ ምርቃት አለ መባሉን ሰምተው ኖሮ ከቢቸና መኪና ወርደው በቀጥታ መጡ። ነጠላቸው ታጥቧል፣ ፊታቸውም ወዛ ወዛ ብሏል። ክንዴን ይዘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሐኪሙ እንዳዘዘኝ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ሹፌሩ ቢቆምም አልወረድኩ፣ ያንቺን ልመርቅ ብዬ። የቱ ጋ ነው፣ ልጄ? ቶሎ በይ።»

ወደ በሩ አየሁ፤ እሳቸውም አዩ። መልሱን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ ክንዴን ለቀቁና በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቁጢጥ አሉ። ሻሼን ከራሴ ገፍፌ ከለልኳቸው፤ ግን ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም ነበር።