ዐሥር መርፌ ለሙዘሚል

ኢኽላስ የሱዳኗ ከተማ የአትባራ ልጅ ናት፤ አባቷ የባቡር መካኒክ ነበሩ፣ እሷ ደግሞ ነርስ ሆነች። ቶሎ አትቀየምም፣ ከተቀየመች ግን አትመለስም ይሏታል።

ኮሮና ሲመጣ በበሽተኞቹ ክፍል ተመደበች። እናቷን ሐጃ በቱልን እንዳትበክል ብላ ሁለት ወር ሙሉ ከሆስፒታሉ ግቢ አልወጣችም። በሽታው ግን በሌላ በር ገባ። በብርዱ ወራት የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሐጃን አተኮሳቸው፣ ያስላቸውም ጀመር። በማግስቱ ሙዘሚል መጣ፤ መድኃኒት ቤት ስላለው ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ሰው ነው። ዴክሳሜታሶን የሚባል መርፌ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ወጋቸው።

ትኩሳቱ በዚያው ዕለት ጠፋ። ሐጃ ስልክ ደውለው «ልጄ፣ እጁ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ ወጥ ሠርቼ በላሁ» አሏት። ምን እንደወጋቸው ስትጠይቅ የትኩሳት ነው ብሎኛል አሉ። ሥራ ላይ ነበረችና አጥብቃ አልጠየቀችም። በስድስተኛው ቀን ስኳራቸው ሰማይ ነካ፣ ትንፋሻቸውም አጠረ። በዘጠነኛው ቀን በኢኽላስ እቅፍ ውስጥ ሞቱ።

እናቷ ቤት ያየችውን የመድኃኒት ስም ስትነግረው፣ የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ናጂ አስቀምጦ አስረዳት።

«ቫይረሱ በገባ ሰሞን ሰውነት ይዋጋዋል፤ ትኩሳቱም ከዚያው የመጣ ነው። ያ መድኃኒት ውጊያውን ያበርዳል። ኦክስጅን ላልፈለገ ሰው ገና በሁለተኛው ቀን መስጠት ለቫይረሱ ሜዳውን መልቀቅ ነው። ስኳር ላለበት ደግሞ ይብሳል። ግን እሱ ገደላቸው ብዬ አልምልልሽም፤ ያለ መርፌውም ሊሞቱ ይችሉ ነበር።»

ለመጨረሻው ቃል ጆሮ አልሰጠችም። ከእናቷ አልጋ ሥር ባዶዎቹን የመድኃኒት ሳጥኖች ሰበሰበች። «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚል የሙዘሚል ጽሕፈት ነበረባቸው። ቆለፈችባቸው።

ብርዱ አልፎ የበጋው ሙቀት ሲብስ ሙዘሚልን ራሱን አራት ሰው ተሸክሞ ሆስፒታል አመጣው። በኮሮና ከታመመ ዐሥረኛ ቀኑ ነበር፣ የደሙ ኦክስጅንም ወደ ሰማንያ አንድ በመቶ ወርዷል። ዶክተር ናጂ አየውና ቫይረሱ ራሱ እየደከመ እንደሆነ፣ አሁን ሳንባውን የሚያነደው ውጊያውን አላቆም ያለው የገዛ ሰውነቱ እንደሆነ ተናገረ። የዚያ መድኃኒት ሰዓቱ አሁን ነው ብሎ በቀን አንዴ፣ ለዐሥር ቀን አዘዘና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

ኢኽላስ መድኃኒቱን በመርፌ ሳበችና በላዩ ቆመች። ከጭምብሏ በላይ ባሉት ዓይኖቿ አወቃት።

«ራስህን ወግተሃል?»

«አልወጋሁም።»

«ለምን?»

«ገና… ሰዓቱ አልነበረም» አለ፣ እየቃተተ።

«ሰዓት እንዳለው መቼ ነው ያወቅከው?»

«ሰው ካልተወጋ ታከምኩ አይልም፣ ሲስተር። እኔ ባልወጋ ሌላው ይወጋል» አለ።

እናቷን ከመውጋቱ በፊትም ያውቅ ነበር ማለት ነው። መድኃኒቱን አፍስሳ «ተሰጥቷል» ብላ ብትጽፍ የሚደርስባት አልነበረም። አሰበችው፤ ማሰቧንም በኋላ ለእህቷ አልደበቀችም። ነገር ግን ለእሱ ሞት አነሰባት። ቢሞት ሰፈሩ «ዶክተር» እያለ ያለቅስለታል።

ወጋችው።

ከዚያ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የእናቷን የሕመም የመጀመሪያ ቀን ነገረችው። በማግስቱም ወጋችውና ሁለተኛውን ቀን ነገረችው። አፉ በኦክስጅን ጭምብል ተሸፍኗል፣ መሄጃም የለውም። በአራተኛው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር በርጩማዋን ወደ ግድግዳው በኩል ወሰደችው። በዘጠነኛው ቀን አሟሟታቸውን ስትነግረው አለቀሰ፤ እሷ አላለቀሰችም።

በዐሥረኛው ቀን ያለ ኦክስጅን ይተነፍስ ነበር። ከወጋችው በኋላ ሳጥኖቹን አልጋው ላይ ደረደረችለት።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ስለ አላህ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይህንኑ ጤና ቢሮ ሄደህ ትናገራለህ። ይቅርታውን እናቴን ጠይቃት፣ እሷ ወዳለችበት ስትሄድ።»

በወሩ ከዘራ ተደግፎ ጤና ቢሮ ሄደ። ሳጥኖቹን ቀድማ አስረክባ ነበርና የሚክደው አልነበረውም። ሱቁ ታሸገ፣ ፈቃዱንም ተነጠቀ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ሲያወራ ከረመ።

ሚስቱ አንድ ቀን ከሰዓት ኢኽላስ ቤት መጣች። ስታለቅስ ቆይታ «ልታጠፊው ነው እንዴ ያዳንሽው?» አለቻት።

«አዎ» አለች ኢኽላስ፣ «ለዚሁ ነው።»

ቤቷ የመጣ እንግዳ ናትና ሻይ ቀዳችላት። ሴትዮዋ ሳትቀምሰው ተነሥታ ወጣች። ኢኽላስ፣ ሴትዮዋ በሩን ከውጭ እስክትዘጋው ድረስ አየቻት፣ ከዚያም ሻዩን ራሷ ጠጣችው።