ላሚቱ የገባችበት መጠይቅ

ጅማ ወዳለው የእርሻ ኮሌጅ የተመደብኩት የፖለቲካ ትምህርት እንዳስተምር ነበር። ትምህርቱ ለሁሉም ግዴታ ስለሆነ፣ ስለ አፈርና ስለ ቡና በሽታ ሊማሩ የመጡ ወጣቶች ከሰዓት በኋላ እኔ ፊት ተቀምጠው ስለ መንግሥት አመጣጥ ይሰሙ ነበር። ጥያቄ ስጠይቃቸው በስቴንስል ከተባዛው ጽሑፍ ቃል በቃል ይመልሱልኛል። ፈተና ሳርም የማነበው የራሴኑ ማስታወሻ ነው። እኔ ግን ወደዚህ ሙያ የገባሁት ሰው በእውነት ማንን እንደሚሰማና ለምን እንደሚሰማ ለማወቅ ጓጉቼ ስለነበር፣ ክፍል ውስጥ ያጣሁትን መልስ ከክፍል ውጭ ላገኘው ተስፋ አደርግ ነበር።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ገና አልጨረስኩም። አዲስ አበባ ያሉት አማካሪዬ የገበሬ ማኅበራትን አስተዳደር እንዳጠና ተስማምተው፣ መጠይቁን አብረን ስንሠራ ስንሰርዝ ከርመናል። በተለይ ሰባተኛው ጥያቄ ያኮራኝ ነበር፦ «በማኅበሩ ውስጥ ከፍተኛው የሥልጣን አካል የትኛው ነው?»

የፈቃድ ደብዳቤዬን ይዤ ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ማኅበር ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ረጋ ያሉ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ የቡና ገበሬ ነበሩ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ሳያመነቱ «ጠቅላላ ጉባኤው» አሉኝ። ጸሐፊውም እንዲሁ አለ። የፍርድ ሸንጎው አባላትም እንዲሁ። አንዱማ የገበሬ ማኅበራቱን አዋጅ በቃሉ ስለሚያውቀው የእኔን አነጋገር አረመልኝ። ወደ ጅማ ስመለስ ደብተሬ ሙሉ ነው፤ ግን ተማሪዎቼን ፈትኜ የመጣሁ መሰለኝ።

አማርኛ የማያውቁትን፣ በተለይ ሴቶቹን፣ መጠየቅ አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ቤት ያከራዩኝ ሴት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ጅማ የተወለዱ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ መሸጋገራቸው ለራሳቸውም የማይታወቃቸው ሰው ናቸው። በገበያ ቀን የሰፉትን ቀሚስ ይዘው የቡ ስለሚሄዱ የአካባቢው ሴት ሁሉ ታውቃቸዋለች። እማማ እላቸው ነበር። ቢያስተረጉሙልኝ ደስ እንደሚለኝ ስነግራቸው፣ መጠይቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳነብላቸው አደረጉና «ብዙ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ኢንሻአላህ እንሄዳለን» አሉኝ።

ሥራው በዚህ መልክ ተጀመረ። ቡና የተሰጣበት ምንጣፍ ዳር እንቀመጣለን፤ እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ እማማ በኦሮምኛ ይጠይቃሉ፣ ሴቶቹ ቡናውን በእጃቸው እያገላበጡ ይመልሳሉ። ገና ከመጀመሪያው ቀን የሰማሁት ነገር አስደነቀኝ። ከፍተኛው የሥልጣን አካል የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅ፣ አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ሚስት እንደምትሄድ ነገረችኝ። ሌላዋ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ጠራች፤ ሁሉም እሱ ዘንድ ስለሚያልፍ ማን በማን እንደተቀየመ ያውቃል አለች። አንዲት አሮጊት አማታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚሰሙት ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ጠቅላላ ጉባኤውን ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም።

እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሐሳብ አእምሮዬን ያዘው፦ በአማርኛ የሚመልሱት ሥልጣንን እንደ መሰላል ያዩታል፣ በኦሮምኛ የሚመልሱት ግን እንደ ጉርብትና ያዩታል። ቋንቋ የፖለቲካ አስተሳሰብን ይቀርጻል! ለአማካሪዬ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። እሳቸውም ሰው የማያመሰግኑ ሰው ሆነው ሳለ፣ «ይህ ከዲግሪ ያለፈ ነገር ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ ያዢው» የሚል መልስ ላኩልኝ። ያን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማሪዎቼም ከጎረቤትም ኦሮምኛ እየለቃቀምኩ ነበር። አንድ ቀን እዚያው የቡ አጠገብ ሰባተኛውን ጥያቄ አንብቤ ስጨርስ፣ እማማ ሲተረጉሙ «ሰአ» የሚል ቃል ሰማሁ። መጀመሪያ ሰዓት ያሉ መሰለኝና ሰዓቱን ለምን እንደሚጠይቁ ገረመኝ። ቀጥሎ «ኤኙ ቢራ ዴምታ» ሲሉ ሰማሁ፤ ይቺን አውቃታለሁ፣ ማን ዘንድ ትሄጃለሽ ማለት ናት። ሰዓት ሳይሆን ሰአ፣ ላም መሆኗ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኔ ጥያቄ ውስጥ ግን ላም አልነበረችም።

ሴትዮዋ የመለሰችውን ጽፌ ደብተሬን ዘጋሁ። የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ስንመለስ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ሰባተኛውን ጥያቄ እንዴት ነው የሚጠይቁልኝ?»

«የጎረቤትሽ ላም ማሳሽ ውስጥ ብትገባ መጀመሪያ ማን ዘንድ ትሄጃለሽ እላለሁ።»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅሁ። የጠየቅሽውን ነው የጠየቅሁልሽ አሉኝ፣ ምንም ሳይደናገጡ። ሰው በራሱ ደጃፍ ተቀምጦ ከበላይህ ማን አለ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በሉ የተባለውን ነው የሚለው፤ እሳቸውም ልብስ የሰፉላትን ሴት እንዲህ ብለው ለመጠየቅ አፍረዋል። ቀሚስ ሲለኩም ሴትዮዋን ስንት ነው ወገብሽ አይሏትም፤ ሜትሩን ያዞሩባታል። «አንቺ የፈለግሽው ቃሉን ነው ወይስ ነገሩን?» አሉኝ።

ተናደድኩ፤ ከዚያም በላይ አፈርኩ። ያ ሁሉ የቋንቋ ንድፈ ሐሳብ ለሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ጥያቄ ከመጠየቅ የመጣ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ከክፍሌ ብዙም አልወጣሁም። እማማ የስፌት መኪናቸውን ሲያሽከረክሩ ይሰማኝ ነበር።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ግን ሐሳቤ ከትምህርቱ ጋር አልነበረም። የላሟን ጥያቄ በአማርኛ ብጠይቅስ? ሊቀመንበሩስ ምን ይሉኝ ይሆን? ይህን ሳስብ ንዴቴ ሁሉ ለቀቀኝና በቦታው የማወቅ ጉጉት ገባ። ማታውኑ እማማን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አፉ ብያለሁ» አሉና ለገበያ ቀን ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቁኝ።

ሊቀመንበሩ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። ደብተሬን ሳልከፍት፣ በዚያው በአማርኛ፣ የጎረቤት ላም ቡናዎ ውስጥ ብትገባ መጀመሪያ ማን ዘንድ ይሄዳሉ አልኳቸው። ፈገግ አሉ። እማማን አየት አደረጉ።

«ወደ ላሚቱ ባለቤት እናት» አሉ። «ልጃቸውን የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።»

«ወደ ሸንጎው አይሄዱም?»

«ሸንጎ ከተጣላን በኋላ ነው። ላሚቱ ስትገባ እኮ ገና አልተጣላንም።»

ያን ዕለት ጸሐፊውንም፣ አዋጁን በቃሉ የሚያውቀውን የሸንጎ አባልም ጠየቅሁ። ጸሐፊው የሚስቱን ወንድም አለ። የሸንጎው አባል ደግሞ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ጠራ። ልዩነቱ ከቋንቋው አልነበረም፤ ከጥያቄው ነበር። የገነባሁት ሁሉ ፈርሶ ሳለ እንዲህ ደስ ሊለኝ መቻሉ እስካሁን ይገርመኛል።

ለአማካሪዬ የተሳሳትኩትን ሁሉ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ይልቅ ይህን ለመላክ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፦ «እንግዲህ ጥናትሽ አሁን ተጀመረ።» መጠይቁን ጥለን ከእማማ ጋር እንደ አዲስ ሠራነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ለራሳቸው አነብላቸዋለሁ፤ መመለስ ካፈሩ እሰርዘዋለሁ። ዘመኑ ሰው በተናገረው የሚታሰርበት ነበርና የመላሾቹን ስም በደብተሬ አልያዝኩም፤ የማኅበሩንም ስም ከጽሑፉ አወጣሁ።

አዲስ አበባ ጥናቴን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ፣ ከፓርቲው ወገን መሆናቸው የሚታወቅ ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ጓዲት፣ ላም በፖለቲካ ሳይንስ ውስጥ ምን ትሠራለች?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። ሰው የሚታዘዝለትን ለማወቅ መጀመሪያ ችግር ሲገጥመው የሚሄድበትን መከተል እንደሚያስፈልግ አስረዳሁ። ሰውየው ማኅበሩ ደካማ ነው ማለትሽ ነው ወይ ብለው አጥብቀው ያዙኝ። ማኅበሩ ደካማም ጠንካራም ነው እንዳላልኩ፣ ሰዎች በሩን የሚያንኳኩት ግን በመጨረሻ እንደሆነ ብቻ እንዳገኘሁ መለስኩ። አለፍኩ፤ ግን ስለ ጥያቄዎቹ አሠራር የጻፍኩት ምዕራፍ ወደ አባሪ ይውረድ ተባለ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ያ ምዕራፍ ነበር።

ምስጋናው ገጽ ላይ የእማማን ስም ለማስገባት ፈልጌ ነበር። ስነግራቸው መቀሱን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ ስሜን እንዳትጽፊ። ስም ወረቀት ላይ ከወጣ ማን እንደሚያነበው አይታወቅም» አሉ። ስለዚህ «አስተርጓሚዬን አመሰግናለሁ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ፤ ያም ቢሆን የሠሩትን ሥራ የሚገልጽ ቃል አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ጥያቄ መጣብኝ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሴቶች ተራ ሲይዙ አይቼ፣ ተራውን የሚያስከብረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለግሁ። እማማም የሚያደርሱት ቀሚስ ስለነበራቸው አብረን ተሳፈርን። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን የመጀመሪያ ጥያቄ አነበብኩላቸው። አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ አሰብኩና ነገርኳቸው። እሱንም ትንሽ አሰቡበትና፣ «ዘግይታ የመጣች ሴት ጾመኛ ብትሆንስ? እሷን የሚያስቀድማት ማነው?» አሉኝ። እርሳሴን አውጥቼ መኪናው እያንገጫገጨኝ መጻፍ ጀመርኩ።