ኮከቡን ማን ቀድሞ አየው

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ቢቸና ሳይንስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮ አዲስ ኮከብ መታየቱን ተናገረ። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ የሞጣ ሰው ነበር፤ ዜናውን ሰምቶ ሳቀ። «እኛ አገር ያዩት መሪጌታ አሉ። በሳምንቱ ባላባቱ ሞቱና በኮከብ ገደሏቸው ተብሎ ተማሪዎቻቸው ሸሿቸው» አለኝ።

እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ዝናን አልጠላም። ከሞጣ የተገኘ ኮከብ! ግኝቱ የእሳቸው፣ ማስረጃው የእኔ። መጀመሪያ በጭነት መኪና፣ ቀጥሎም በበቅሎ ሄድኩ።

መሪጌታውን ጠዋት ባዶ ቅኔ ቤታቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ከቅርብ ያለ ፊቴ አልጠራላቸውም፤ ሩቁን ግን እንደ ጭልፊት ያያሉ። በብራና ጠርዝ ላይ የጻፉትን አሳዩኝ፤ በማርያም ሌሊት፣ ከዋክብት እንደ ወጡ፣ ያልነበረ ኮከብ ከራሳቸው በላይ ማየታቸውን ይናገራል።

«የኔታ፣ የት ጋ ነው?» አልኳቸው።

ወደ ላይ ይጠቁማሉ ስል መቋሚያቸውን አንስተው በእግሮቼ መካከል መሬቱን ወጉት።

«አሁን እዚህ ሥር ነው። ሲሄድ እሰማዋለሁ።»

ሳላስበው እግሬን አነሣሁ። ምድር ክብ ናት እያልኩ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ከእግሬ በታችም ሰማይ እንዳለ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ፈራሁ።

«ልጄ፣ ከእኔ በፊት ያየ ሰው ካለ ፈልግልኝ» አሉኝ። «ያን ማታ ባላባቱን ረግሜ ቀና ስል ነው ያየሁት። ያመጣሁት እኔ ከሆንኩ ነፍስ አጥፍቻለሁ።»

ብርሃኑ ከኮከቡ የተነሣው ከብዙ ዘመን በፊት መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም። የማርያም ዕለት ማታ ብዬ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ ውጭ አገር ላለ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ጻፍኩ። መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። በጠቀስኩት ማታ ሌላ ሰው ጥቂት ሰዓት ቀድሞ አይቶታል፤ ግኝቱም የእሱ ነው። በጣም ተናደድኩ።

መሪጌታው ግን ሞጣ ተመልሼ ሳነብላቸው ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው ሳሙት፤ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ለሕዝቡ አነበብኩት። ከተማሪዎቻቸው ሁለቱ በዚያው ሳምንት ተመለሱ።

ቢቸና ገብቼ ነገሩን ለግብረ ገብ አስተማሪያችን ለቄሱ አጫወትኳቸው። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«የማርያም ዕለት ማታ ብለህ ነው የጻፍከው? ሌሊቱኮ ቀኑን ይቀድማል። የማርያም ሌሊት በዋዜማው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የሚገባው።»

ስቆጥረው መሪጌታው ያን ሰው ቀድመውታል። የሐረሩ ሳይንቲስት ስሕተት አንድ ሙሉ ሌሊት ነው። ማረሚያ ጽፌ ፖስታውን አሸግሁ፤ ከዚያ ቀደድኩት። መሪጌታው እርግማናቸው እንዳልሠራ አምነው፣ ወንበራቸው ላይ እያስተማሩ አርጅተው በሰላም ዐረፉ። ከመርገማቸው በፊት ያን ኮከብ ያየ ሌላ ሰው እንዳልተገኘ የምናውቀው እኔና ቄሱ ብቻ ነን።